የወይን ቅምሻ በድራይ ክሪክ ሸለቆ፦ ጠማቂው ባለበትና በሌለበት

በመስቀል ሰሞን በዋለ አንድ ቅዳሜ፣ በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድና በአካባቢዋ የምንኖር አሥራ ሁለት ሰዎች ሾፌር ያለው ቫን ተከራይተን፣ ወደ ሰሜን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን፣ በሶኖማ አውራጃ ከሂልድስበርግ ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው ድራይ ክሪክ ሸለቆ ሄድን። የሄድነው አንድ ቤተሰብ በሚያስተዳድረው አነስተኛ የወይን እርሻ፣ ጠማቂው ራሱ ለቡድን በሚያስተናግደው ቅምሻ ላይ ለመገኘት ነው። ክፍያው በነፍስ ወከፍ 45 ዶላር ሲሆን፣ ሦስት ጠርሙስ ለገዛ ሰው ከሒሳቡ ይቀነስለታል። የቤቱን ስም የማልጠቅሰው ከምስጋናው ጋር ወቀሳም ስላለኝ ነው።

ጠማቂው እንደተቀበለን ወደ ጠረጴዛ አላስቀመጠንም፤ በቀጥታ ወደ መጥመቂያው አዳራሽ ወሰደን። ወይኑ የሚለቀምበት ወቅት ስለነበረ ከወገብ በላይ የሚደርሱት የብረት ጋኖች በሚፈላ ወይን ተሞልተው ነበር። በሩን አልፈን ስንገባ የተቀበለን የእርሾና የፍሬ ሽታ ከጠጅ ቤት ጓሮ ሽታ የሚለይ አልነበረምና፣ ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ገና ሳይቀምሱ «ይሄማ ጉሽ ነው» አሉ። በጋኑ አናት ላይ የተንሳፈፈውን የወይን ልጣጭ በቀን ብዙ ጊዜ በዘንግ ወደ ታች እንደሚደፍቁት አሳየን። የብዙዎቹ ጥቁር ወይኖች ጭማቂ በራሱ ቀለም የለሽ ለመሆን የቀረበ በመሆኑ፣ መጠጡን የሚያቀላው ከልጣጩ ጋር አብሮ መቆየቱ ነው።

ከዚያ በተከታታይ ሦስት ነገር አስቀመሰን። የመጀመሪያው ከተጨመቀ ሁለት ቀኑ የሆነ፣ እንደ ብርዝ የሚጣፍጥ ጭማቂ ነው። ሁለተኛው ከዚያው ማሳ ተለቅሞ ስምንት ቀን የፈላ ሲሆን፣ ስኳሩ ከሞላ ጎደል አልቆ ምላስ የሚያኮማትር፣ አተላው ያልጠለለ ነበር። ሦስተኛውን፣ ያለፈውን ዓመት ወይን፣ በረጅም የመስታወት ቱቦ ከበርሜል ቀድቶ ሰጠን። አንድ መጠጥ ከብርዝነት እስከ ወይንነት የሚሄድበትን መንገድ በአሥር ደቂቃ ውስጥ በምላሴ ስከተል ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ 45 ዶላሩን ለዚህ ብቻ ብከፍል አይቆጨኝም።

ከአንድ በርሜል ወደ ሌላው በተሻገረ ቁጥር ለእኛ ከመቅዳቱ በፊት ራሱ ይቀምስ ነበር። በግብር ላይ አሳላፊው ጠጁን በመዳፉ ጨልጦ የሚያቀርብበትን ሥርዓት ቢያስታውሰንም፣ የእሱ ምክንያት ሌላ ነው፤ 225 ሊትር የሚይዘው በርሜል፣ ወይኑ በእንጨቱ በኩል ቀስ በቀስ ስለሚተን፣ በየጊዜው ካልተሞላ አየር ይገባበትና ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል። አንዱ በርሜል ሲበላሽ ሦስት መቶ ያህል ጠርሙስ ይጠፋል ማለት ነው። አንድ ዓይነት ወይን ከአሜሪካና ከፈረንሳይ ባሉጥ ከተሠሩ ሁለት በርሜሎች ሲያቀምሰንም፣ የአሜሪካው የቫኒላና የኮኮናት ሽታ ፍሬውን ሊሸፍነው ምንም አልቀረው፤ እኔ የፈረንሳዩን መረጥሁ፣ ከቡድኑ ግማሹ ግን ተቃወመኝ።

የሸለቆው መታወቂያ ዚንፋንዴል የተባለው ጥቁር ወይን ነው። ጠማቂው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል ወዳላቸው ተክሎች ወስዶ፣ ሽቦ ላይ ሳይዘረጉ እንደ ቁጥቋጦ የቆሙትን ወፋፍራም ግንዶች አሳየን። እነዚህ ተክሎች መጠጥ በሕግ የታገደበትን ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. ያለውን ዘመን ያለፉት፣ ሰዎች በቤታቸው ለራሳቸው እንዲጠምቁ ይፈቀድ ስለነበረና ፍሬውም በባቡር ወደ ምሥራቅ ከተሞች እየተጫነ ይሸጥ ስለነበረ ነው። አሜሪካውያን ለረጅም ጊዜ እንደ ራሳቸው ወይን የቆጠሩት ይህ ዘር፣ በ2001 እ.ኤ.አ. በዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ በክሮኤሺያ ባሕር ዳርቻ ከተገኘ ጥንታዊ ወይን ጋር አንድ መሆኑ ተረጋግጧል። በአንዱ ዘለላ ላይ አረንጓዴ ፍሬና እንደ ዘቢብ የደረቀ ፍሬ ጎን ለጎን አየሁ። አረንጓዴው እስኪበስል ሲጠበቅ የቀረው ስኳር ስለሚያከማች፣ ዚንፋንዴል ብዙ ጊዜ አልኮሉ ከፍ ያለው ለዚህ ነው።

ስለ መትፋት አንድ ነገር ልበል። የቀመሱትን ወደ ባልዲ መትፋት በሙያው ሰዎች ዘንድ ደንብ ቢሆንም፣ ባለቤቱ ፊት የቀረበልንን እንትፍ ማለት ከአስተዳደጋችን ጋር ስለተጣላብን ሁላችንም እየዋጥን ቀጠልን። በዚህም ምክንያት የመጨረሻዎቹን ሁለት ወይኖች በትክክል መዝኛቸዋለሁ ብዬ አልምልም።

ወቀሳዬ የሚጀምረው ከአዳራሹ ወጥተን በረንዳ ላይ ከተቀመጥን በኋላ ነው። ወይን የጫነ መኪና ደረሰና ጠማቂው ይቅርታ ጠይቆ ሄደ፤ ለአምስት ደቂቃ ተመልሶ እንደገና ተጠራ። በእሱ ፈንታ የመጣችው ወጣት ትሑት ብትሆንም፣ በወረቀት ከተጻፈው የዘለለ መልስ አልነበራትም። ጥያቄያችን ባዶ በቀረ መጠንም ንግግሯ ወደ ወይን ክበብ አባልነት፣ ማለትም ወይን በየጊዜው እየተላከ ወደሚከፈልበት ደንበኝነት፣ እያዘነበለ ሄደ። ከቀረቡት አምስት ወይኖች ነጩ ሶቪኞ ብላን ቀዝቅዞ፣ የሎሚና የሣር ጠረኑን ይዞ መጣ፤ ሮዝ ቀለም ያለው ሮዜ ሳይታወስ የሚያልፍ ነው። ሁለቱ ዚንፋንዴሎች ግን በፀሐይ ስለሞቁ በጠርሙሱ ላይ 15.2 በመቶ የተጻፈው አልኮል ከፍሬው ቀድሞ አፍንጫ ይወጋ ነበር። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ቀዝቃዛው አዳራሽ ውስጥ የጥቁር እንጆሪና የቁንዶ በርበሬ መዓዛ የነበረው ወይን መሆኑን ለማመን ቸግሮኛል። የመጨረሻው፣ ፔቲት ሲራ የተባለው ጥቁር ወይን፣ እንደ ቀለም የጠቆረ፣ ድድ የሚይዝ፣ ገና ዓመታት ማደር ያለበት ነው።

ከቤቱ የቀረበው አይብና ዳቦ መልካም ቢሆንም፣ እኛ አስቀድመን አስፈቅደን አዋዜና የተጠበሰ ሥጋ ይዘን ሄደን ነበር። ውጤቱ ለምግባችን ወይን ለሚመርጥ ሰው ይጠቅማል፤ አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ስለሚያባብሰው ዚንፋንዴሉ ከአዋዜው ጋር አፍ የሚለበልብ ሲሆን፣ ነጩ ግን ቅዝቃዜውና ኮምጣጣነቱ አፍን አጥቦ ለቀጣዩ ጉርሻ አዘጋጀን። ቀይ ወይን ለቀይ ሥጋ የሚለው ምክር ወጣችንን ያላሰበ ሰው ምክር ነው።

በመጨረሻ ሁለት ነጭና አንድ ዚንፋንዴል ገዝቼ የቅምሻው ክፍያ ተቀነሰልኝ። መሄድ ለሚያስብ ቡድን የምመክረው ከስምንት ሰው እንዳይበልጥ፣ ቀጠሮ ሲይዝም ጠማቂው እስከ መጨረሻው መቆየት አለመቆየቱን በግልጽ እንዲጠይቅ ነው። በመኸር ወቅት የጋኑን ፍላት ማየት ይቻላል፣ ሰውየው ግን የእናንተ አይሆንም፤ በአሜሪካ ክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ጋኖቹ ባዶ ናቸው፣ እሱ ግን ተክል ከመግረዝ በቀር ሥራ እንደማይበዛበት ነግሮናል። እኛ ከጥምቀት በኋላ ለሚውለው ቅዳሜ ስምንት ሰው አስመዝግበናል፤ አዋዜውን ጋሼ ይዘው ይመጣሉ።