«ታንኩ አልቆለታል» ከመባላችሁ በፊት የአየር ቫልቩን አስለኩ

በግቢያችሁ ካለ ጉድጓድ ውሃ በሞተር እየሳባችሁ የምትጠቀሙ ሁሉ፣ እኔ የከፈልኩትን ከንቱ ወጪ እንዳትከፍሉ ይህን ጽፌላችኋለሁ። ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ሞተሩ በየጥቂት ሴኮንዱ እየተነሳ መጥፋት ስለ ጀመረ የጠራሁት ባለሙያ፣ ቀዩን ፕሬዠር ታንክ (ከሞተሩ ጋር ተገጥሞ የውሃውን ግፊት የሚያቆየውን) በጣቱ አንኳኩቶ «ውስጡ ተበልቷል፤ ሞተሩም አብሮ ይቀየር» አለኝ፤ እኔም አምኜ ሁለቱንም አስቀየርኩ። አሮጌዎቹን እሱው ሊወስዳቸው ቢጠይቀኝም፣ ለቆራሌው እሸጣቸዋለሁ ብዬ ማስቀረቴ በጀኝ።

በታንኩ ውስጥ ውሃውን የሚይዝ ጎማ አለ፤ በጎማውና በብረቱ መካከል ደግሞ አየር ይሞላል። ውሃ ተጨቁኖ የማያንስ በመሆኑ ግፊቱን አቆይቶ የሚሰጠን ይህ አየር ነው፤ አየሩ ካለቀ ግፊቱ ወዲያው ስለሚወጣና ስለሚወርድ ሞተሩ ያለ ዕረፍት እየተነሳ ይግላል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። አየሩ የሚሞላበት ቫልቭ ከመኪና ጎማ ቫልቭ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ አሮጌውን ታንክ ጎሚስታ ዘንድ ወሰድኩት፤ የሚያፈሰው የቫልቩ ውስጠኛ መዝጊያ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ አየሩን ከመለካታችሁ በፊት የሞተሩን ኤሌክትሪክ አጥፉ፤ ቧንቧ ከፍታችሁም ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ዜሮ እስኪሆን ውሃውን አፍስሱ። ውሃው ሳይወጣ የሚለካ አየር የውሃውን ግፊት ስለሚያሳይ ያታልላል፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ በ1.4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ተነስቶ በ2.8 ባር የሚጠፋ ከሆነ የታንኩ አየር 1.2 ባር አካባቢ መሆን አለበት፤ ለመሙላት የብስክሌት መንፊያ ይበቃል። ከሞላችሁ በኋላ ቫልቩን የሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ካበጠ ያፈሳል ማለት ነው። ቫልቩ ሲጫን በአየር ፈንታ ውሃ ከተፋ ግን ጎማው ተቀዷል፤ ያኔም ቢሆን አፉ በብሎን የሚፈታ ታንክ ጎማው ብቻ ሊቀየርለት ይችላል።

አዲስ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ አየሩን ሻጩ ፊት አስለኩ። የእኔ አዲሱ ታንክ ሳይለካ በመገጠሙ ያው ችግር በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰ። ባለሙያውን ስጠይቀው «ሞተሩ ለማንኛውም አርጅቶ ነበር» አለኝ፤ ያ አርጅቷል የተባለ ሞተር ከአሮጌው ታንክ ጋር ዛሬም የጎረቤቴን ጉድጓድ እየሳበ ነው።