ያገለገለ ትንሽ ትራክተር፦ የእጅ ማርሽ ወይስ ሃይድሮሊክ?

ጋሪ መጎተትና ማረስ ለሚበዛበት እርሻ የእጅ ማርሹን እንመርጣለን። የሞተሩን ጉልበት ብዙ ሳያባክን ለጎማው ያደርሳል፤ ጥገናውም ቀላል ነው፣ ብዙውን ጊዜ ቺንጋ ወይም ፍሪሲዮን መለወጥ ነው። ለመፈተን ፍሬን ይዘው በከፍተኛው ማርሽ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ ሞተሩ ካልጠፋ ፍሪሲዮኑ ወይም ቺንጋው ይንሸራተታል። ቁልቁለት ላይ ማርሹ በራሱ ከወጣ ግን ችግሩ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ ነው፤ ይተዉት።

ሃይድሮሊኩ ጉልበቱን በማርሽ ፈንታ በፓምፕና በዘይት ግፊት ለጎማው ያደርሳል። በፔዳል ብቻ ወደፊትም ወደኋላም ስለሚሄድ፣ አፈር ለመጫንና በዛፎች መካከል ለማጨድ የሚያህለው የለም። ጠላቱ ሙቀት ነው። ስለዚህ የአምስት ደቂቃ ሙከራ ምንም አይነግርዎትም! መጀመሪያ ቀዝቃዛ ሳለ ዳገት ያስወጡት፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ሸክም አስጎትተው ያንኑ ዳገት ይድገሙት። ሲሞቅ ካቃተው ፓምፑ ሳይበላ አይቀርም፤ ጥገናው ከትራክተሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት ግን ሦስት ነገር ይዩ፦ የላላ ቺንጋ፣ የጎደለ ዘይት፣ በሣር የተደፈነ ማቀዝቀዣ። ሦስቱም ያንኑ ድክመት ያመጣሉ፣ መፍትሔያቸውም ርካሽ ነው። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። አንዳንዱ ሃይድሮሊክ የዘይት ማውጫ ቡሽም ፊልትሮም የለውም፤ ለከባድ ሥራ እንዲህ ያለውን አይግዙ።