ግሉካጄን ሃይፖኪት፦ መድኃኒቱ አስተማማኝ፣ አበጣበጡ ጥንቃቄ የሚሻ

ብርቱካናማው ሳጥን የደም ስኳርን ከፍ የሚያደርገው ግሉካጎን 1 ሚሊ ግራም ዱቄት ያለበት ብልቃጥና ውሃ የተሞላ ሲሪንጅ ይዟል። ስኳሩ ወርዶ ራሱን ለሳተ የስኳር ሕመምተኛ ሕይወት አድን ነው። ድክመቱ በዚያ ድንጋጤ መሃል መበጥበጥ ማስፈለጉ ነው።

ተበጥብጦ የማይሸጥበት ምክንያት አለው። ግሉካጎን 29 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሆርሞን ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ሞለኪውሎቹ ጎን ለጎን እየተደረደሩ አሚሎይድ የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች ይሠራሉ። መጀመሪያ ላይ ለዓይን ምንም አይታይም። የመጀመሪያዎቹ ክሮች ከተፈጠሩ በኋላ ግን የቀሩትን እየሳቡ በፍጥነት ይበዛሉ፣ ፈሳሹም ይወፍራል።

ስለዚህ ውሃውን በሙሉ ጨምሩ፤ መርፌውን ሳታወጡ ዱቄቱ እስኪሟሟ ብልቃጡን በቀስታ ወዝውዙና ወዲያው ውጉ። ከ25 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ ግማሹ ይበቃል፤ የተረፈው ይጣላል እንጂ ለነገ ፍሪጅ አይገባም። ወፍሮ ወይም ያልሟሟ ነገር ይዞ ከታየ አትስጡ። ሊያስመልሰው ስለሚችል ሕመምተኛውን በጎኑ አስተኙት።

ለቤት ከሆነ ምርጫችን ባቅሲሚ ነው፦ 3 ሚሊ ግራም ግሉካጎን ያለው፣ በአፍንጫ የሚሰጥ ዱቄት፣ መበጥበጥ የሌለበት። እርጥበት እንዳያበላሸው እስከ መጠቀሚያው ሰዓት ከታሸገበት ቱቦ አታውጡት።