ሊትል ዊመን፦ የ1994ቱ ይሻላል ወይስ የ2019ኙ? (በፈረንጅ)

ሁለቱም ከአንድ መጽሐፍ የተሰሩ ፊልሞች ናቸው፣ ታሪኩ አንድ ነው፣ በ1860ዎቹ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ማሳቹሴትስ ያሉ አራት እህትማማቾች፣ አባትየው ዘምቷል።

አካሄድ፦ የ94ቱ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ መሀል ላይ ብትነሱ እንኳን አይጠፋችሁም። የ2019ኙ ግን ወደፊት ወደኋላ ይዘላል፣ መጀመሪያ ሳየው ግራ ገብቶኝ ነበር፣ በኋላ ሳስተውል ልጅነታቸው ሞቅ ባለ ወርቃማ ቀለም ካደጉ በኋላ ያለው ደግሞ ቀዝቀዝ ባለ ሰማያዊ ነው የተሰራው፣ እሱን ከያዛችሁ አለቀ።

ኤሚ (የመጨረሻዋ እህት)፦ በ94ቱ ትንሿን ከርስተን ደንስት ትልቋን ሳማንታ ማቲስ ናቸው የሰሩት፣ በአዲሱ ፍሎረንስ ፒው ብቻዋን። ትልቅ ሴትዮ ክፍል ውስጥ ከህፃናት ጋር ተቀምጣ ሳያት ስቄያለሁ አልዋሽም፣ ግን ለጎረቤታቸው ልጅ ለሎሪ ትዳር ለሴት የገንዘብ ጉዳይ እንደሆነ ስታስረዳው እዩዋት፣ እንደሷ ያሳመነኝ የለም።

ልብስ፦ ሁለቱም ለኦስካር ታጭተዋል፣ የወሰደው አዲሱ ነው።

ታሪኩን ጭራሽ ካላወቃችሁት ወይ ከልጆች ጋር ከሆነ የ94ቱ። መጽሐፉን ካነበባችሁ፣ ወይ ደራሲዋ እህት ጆ ከአሳታሚው ጋር ስለ ኮፒራይት (የመጽሐፏ ባለቤትነት መብት) ፊት ለፊት ስትደራደር ማየት ካማራችሁ የ2019ኙ።