ደሴ ፒያሳ ያለችው የማስጠኛ ክፍል

ልጄ 8ኛ ክፍል ነው፤ ዘንድሮ ክልላዊ ፈተና አለበት። እኔ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ማታ ደክሞኝ ስገባ ደብተሩን ይዞ ይጠብቀኛል። ሒሳቡ ከእኔ አቅም ካለፈ ቆይቷል።

አምና ቤት እየመጣ የሚያስጠና ልጅ ቀጥሬ ነበር። የቤት ሥራው ሁሌም ያልቃል፣ ደብተሩ ሙሉ ራይት ነው። ፈተና ላይ ግን ከ100 31 አመጣ። ለካ ሲሠራ የከረመው አስጠኚው ነው! ገንዘቡስ ይሁን። ልጄ "እኔ ሒሳብ አይገባኝም" ብሎ ማመኑ ነው ያንገበገበኝ።

ከመስከረም ጀምሮ የምልከው ፒያሳ፣ ከመድኃኒት ቤት በላይ ወዳለች አንዲት ክፍል ነው። ሒሳቡን ጡረታ የወጡ መምህር፣ አማርኛውን አንዲት ወጣት መምህርት ያስጠናሉ። በሳምንት 3 ቀን፣ በወር 900 ብር።

የመጀመሪያ ቀን መምህሩ የ8ኛ ክፍል መጽሐፍ አልከፈቱም። "ግማሽና ሲሶ ደምር" አሉት። "ሁለት አምስተኛ" ብሎ ጻፈ። ወደ እኔ ዞረው "4ኛ ክፍል በደንብ ተምሯል?" አሉኝ። የት ተምሮ! 2014 ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጆቼን ይዤ ሸሽቻለሁ። ከዚያ በፊትም 2ኛ ክፍል እያለ፣ በ2012፣ ለኮሮና ተብሎ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ያ ሁሉ ጎድሎ ነው 8ኛ የደረሰው።

ሦስት ሳምንት ክፍልፋይ ብቻ አሠሩት። እኔ "የነገው የቤት ሥራስ?" እያልኩ ስጨነቅ፣ "ታገሺ ልጄ፣ መሠረቱን እንያዝ" ይሉኛል።

አንድ ቀን ዝናብ ይዞኝ እዚያው ተቀመጥኩ። ጥያቄው ነጌቲቭ 2፣ በቅንፍ ኤክስ ሲቀነስ 3 ነው። ልጄ መጨረሻው ላይ ነጌቲቭ 6 ጻፈ። መምህሩ አላረሙትም። "ከእናትህ ሱቅ በቀን 3 ዳቦ በዱቤ ወሰድክ። ሁለት ቀን እንዲሁ አደረግክ። እናትህ የሁለቱንም ቀን ሰረዘችልህ። ተጎዳህ ወይስ ተጠቀምክ?" አሉት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ "6 ዳቦ ተጠቀምኩ" አለና ምልክቱን በራሱ እጅ ወደ ፖዘቲቭ ቀየረው። እንባዬ መጣ።

አማርኛው ላይ ደግሞ ልጄ ስለ ሰምና ወርቅ የተጠየቀውን ከቴሌግራም ገልብጦ ሄደ። መምህርቷ ስልኩን አስዘጋችው። "እናት ልጇን መቼ ትመጣለህ ብትለው፣ ገና አለ። ምን ማለቱ ነው?" አለችው። "ለገና እመጣለሁ" አለ። "ሌላስ?" ስትለው "አሁን አልመጣም፣ ገና ነኝ" ብሎ ሳቀ። ማታ ቤት ገብቶም እኛን ሲጠይቀን አመሸ።

ግጥም ሲደርሱ፣ ከአያት የተሰማ ስንኝ አምጡ ተባሉ። ባቲ ያለችው እናቴ ጋ ደውሎ በስልክ ቀዳ። ስንኙ ወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ ነው፤ ወል ቤት እኮ አንዱ ስንኝ 12 ቀለም (የድምፅ ቁራጭ) ነው፣ 6 እና 6። በጣቱ እየቆጠረ፣ አንዱ ስንኝ 13 ሲሆንበት መልሶ ደወለላት። እሱ የሰማው ተሳስቶ ኖሯል። እናቴ ይህን ለጎረቤት ሁሉ አውርታለች።

ማስጠኛዋ ጉድለትም አላት። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ 9 ልጅ ይቀመጣል፣ ከ6 ባይበልጡ ደስ ይለኝ ነበር። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የለም፣ ክፍለ ጊዜው ይቃጠላል፣ ማካካሻም አይሰጡም። እንግሊዝኛ ለሚፈልግ አትሆንም። እህትና ወንድም ለምትልኩ ቅናሽ የለም፤ ጠይቄያለሁ።

ከጥቂት ሳምንት በፊት በሒሳብ 58 አምጥቷል። ለእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው። የተሳሳተውንም ማታውኑ ቁጭ ብሎ ብቻውን ሠራው።

የምትሄዱ ካላችሁ ከ10 ሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ከዚያ በፊት በሩ ዝግ ነው። የልጃችሁን የድሮ የፈተና ወረቀት ያዙ። መምህሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት የስህተት ምልክት (ኤክስ) የበዛበትን ነው።