ኤኦ 243፦ የፌዴራል እስረኛ ቅጣቱን የሚቃወምበት ቅጽ

በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት የተፈረደበት እስረኛ ቅጣቱ እንዲሻር ወይም እንዲታረም የሚያመለክተው በዚህ ቅጽ ነው። የማስገቢያ ክፍያ የለውም፤ ሕግ መጥቀስም አይጠይቅም፣ የሆነውን ብቻ በዝርዝር መጻፍ ይበቃል። ለጠበቃ አልባ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ጥብቅ የሚሆነው ምክንያቶቹ ላይ ነው። ቦታ የተተወው ለ4 ብቻ ስለሆነ 5ኛ ያለው ሰው ወረቀት ያያይዝ። የተዘለለውን በሁለተኛ ማመልከቻ ለማንሳት የይግባኝ ፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ በዋዛ አይገኝም። «በይግባኝ ያላነሳኸው ለምንድን ነው?» የሚለውም ባዶ አይተው። የጠበቃ ድክመት ግን በይግባኝ ባይነሳም እዚህ ይቀርባል።

ጊዜው 1 ዓመት ሲሆን፣ በአብዛኛው ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነበት ቀን ይቆጠራል፦ ይግባኝ ላላለ የ14 ቀኑ ገደብ ሲያልፍ፣ ይግባኙ ውድቅ ሆኖበት ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ላላመለከተ ደግሞ የማመልከቻው 90 ቀን ሲያበቃ።

የመጨረሻው ገጽ ለእስረኛ የተመቸ ነው፤ እንደ ማስገቢያ ቀን የሚቆጠረው ለእስር ቤቱ ፖስታ የተሰጠበት ቀን እንጂ መዝገብ ቤት የደረሰበት አይደለም። እስር ቤቱ የተለየ የሕግ ፖስታ ካለው ግን በእሱ መላክ ግድ ነው። ቀኑና ፊርማው ከተረሱ ጣጣ ያመጣል።