ስፖኪዮ ወይስ የብላይንድ ስፖት ሴንሰር? ብር ከማውጣታችሁ በፊት

መኪና የገዛ ጓደኛ ሁሉ ይህችን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «ስፖኪዮ ላይ የምትበራዋን ሴንሰር ላስገጥም እንዴ?» ብላይንድ ስፖት የሚባለው መስታወቶቹ የማያሳዩን የመኪናው ጎን ነው፤ እዚያ መኪና ሲኖር ሴንሰሩ መብራት ያበራል። መልሴ ሁሌም ያው ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ከፋብሪካ አብሮ ካልመጣ አታስገጥሙ። ብሩን ለስፖኪዮ አውሉት። እሱም ብር ካስፈለገው ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው መፍትሔ ነፃ ነው።

አብዛኛው ሰው ስፖኪዮውን ሲያስተካክል የራሱን መኪና ጎን እንዲያሳየው አድርጎ ነው። የገዛ በራችሁ ደርቦ አይቀድማችሁም፣ ምን ያደርግላችኋል? ጆርጅ ፕላትዘር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1995 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ዘዴ ቀላል ነው። ጭንቅላታችሁን ወደ በራችሁ መስኮት አስጠግታችሁ፣ የመኪናው ጎን ለጥቂት ብቻ እስኪታይ ድረስ መስታወቱን ወደ ውጭ ግፉት። ለሌላኛው ደግሞ ወደ መኪናው መሃል ዘንበል ብላችሁ እንደዚያው አድርጉ። ከዚያ በኋላ የሚቀድማችሁ መኪና ከውስጠኛው መስታወት ሲወጣ የጎኑ ይቀበለዋል፣ ከጎኑ ሲወጣ ደግሞ በዓይናችሁ ጠርዝ ታዩታላችሁ። መጀመሪያ ግራ ያጋባል፣ ይለመዳል።

ካልበቃችሁ ትንሿን ክብ ጎባጣ መስታወት ለጥፉ። ከዚህ ርካሽ ነገር የለም። ግን ብርጭቆ መሆኗን አረጋግጡ፤ ፕላስቲኳ ፀሐይ ሲመታት ትደበዝዛለች።

አሁን ወደ ብሩ። ስፖኪዮ ሲሰበር «ሙሉውን ግዛ» ይሏችኋል። ቀፎውና ሞተሩ ደህና ከሆኑ መስታወቱ ብቻ ይቀየራል፣ የዋጋው ልዩነት ደግሞ የትየለሌ ነው። ፎርጅዱን ለመለየት ይዛችሁት ከበር ጠርዝ ወይም ከምሰሶ ፊት ቀስ ብላችሁ አንቀሳቅሱት። መስመሩ እንደ ውኃ ከተወዛወዘ መልሱለት። ጀርባውንም እዩ፦ የቀድሞው ማሞቂያ ካለው ሁለት የሽቦ መሰኪያ ይኖረዋል፣ ፎርጅዱ ብዙ ጊዜ የለውም። መያዣው ልል የሆነ መስታወት ደግሞ ቆማችሁ ስታዩት ምንም አይልም፤ ፍጥነት ስትጨምሩ ይንቀጠቀጥና ከኋላ ያለው መኪና ሁለት ይሆንባችኋል።

የኤሌክትሮኒኩን ውለታ አልክድም። ቮልቮ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ሲጀምረው ስፖኪዮ ላይ በተገጠመ ካሜራ ነበር፤ አሁን አብዛኛው በኋላ ባምፐር ማዕዘን ውስጥ የተደበቀ ራዳር ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የአሜሪካ የመድን ድርጅቶች የመንገድ ደህንነት ተቋም ጥናት፣ ሲስተሙ ያላቸው መኪኖች ረድፍ ሲቀይሩ የሚደርስባቸው ግጭት በ14 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ጥሩ ነው። ግን ማንም የማይነግራችሁ ነገር፣ የኋላ ባምፐር ማዕዘን ማለት ፓርኪንግ ላይ መጀመሪያ የሚገጨው ቦታ ነው።

አንድ ጓደኛዬ ተገጭቶ ባምፐሩን አስጠገነ። እንደ አዲስ አብረቅርቆ መጣ። መብራቷ ግን አንዴ ባዶ መንገድ ላይ ትበራለች፣ አንዴ ሞተረኛ አጠገቡ እያለ ዝም ትላለች። ቀቢው «የኤሌክትሪክ ችግር ነው» ይላል፣ ኤሌክትሪሺያኑ ወደ ቀቢው ይመልሰዋል። ለካ ራዳሩ ፊት ለፊት ስቱኮ ተለጥፎ፣ በላዩ ወፍራም ሜታሊክ ቀለም ተደራርቦበታል። ራዳር በስስ ፕላስቲክ ውስጥ ያልፋል፣ በዚያ ውስጥ ግን ይዳከማል። በመጨረሻ አዲስ ባምፐር ገዛ፣ ቀለም እንደገና ከፈለ፣ ሴንሰሩን በማሽን ለማስተካከል ሌላ ከፈለ። በዚያ ብር ስንት የስፖኪዮ መስታወት ይገዛ ነበር! ስለዚህ ሲስተሙ ያለው ያገለገለ መኪና ስትገዙ የኋላ ባምፐሩ ተቀብቶ እንደሆነ ጠይቁ፣ ስትሞክሩትም በሁለቱም በኩል መኪና እንዲቀድማችሁ አድርጋችሁ መብራቱን እዩ።

ተገዝቶ የሚገጠመውን ኪት በተመለከተ ደግሞ፣ ካርቶኑ ላይ «ራዳር» ተጽፎ ውስጡ ባምፐር በስታችሁ የምትከቷቸው ክብ ቁልፎች ካሉ ራዳር አይደለም። የፓርኪንግ ሴንሰር ነው፣ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ። ራዳር ፕላስቲክ መብሳት አያስፈልገውም። የድምፁ ዓይነት የሚያየው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፣ ነፋስና ዝናብ ያወዛግበዋል፣ ለቆመ መኪናም ለመንገድ ዳር ብረትም ይጮኻል። ጩኸቱ ሲሰለቻችሁ ትነቅሉታላችሁ። ቀዳዳው ግን ይቀራል፣ መኪናውን ስትሸጡም ገዢው ጣቱን እዚያ ላይ አድርጎ ዋጋ ይቀንሳል።

አንገት ማዞር ለሚያስቸግረው ሰው ወይም የኋላ መስኮት ለሌለው ረጅም ቫን የፋብሪካውን ሲስተም እደግፋለሁ። ለእሱ ብቻ ተብሎ ግን ወደ ውዱ ሞዴል መዝለል አያዋጣም። ካላችሁም፣ መስታወቱ ሲሰበር መብራቷ ያለችበትንና ሽቦው አብሮ የመጣውን ግዙ። ተራውን ካስገባችሁ ሴንሰሩ እየሠራ መብራቱን የምታዩበት ቦታ አይኖርም።